ዐፄ ቴዎድሮስና የጦር መሣሪያ ጥገና፦ ከጋፋት በጋይንት እስከ መቅደላ

መግቢያ

የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ከብዙ አቅጣጫ ተጽፏል። የአንድነት ፋና ወጊነታቸው፣ የቁጣቸው ብርታትና የአሟሟታቸው ጀግንነት በታሪክ ጸሐፍትም በደራስያንም ዘንድ ሰፊ ቦታ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ የንጉሠ ነገሥቱን ዕድል ከወሰኑት ጉዳዮች አንዱ ብዙ ጊዜ በሴባስቶፖል ዝና ተሸፍኖ ይቀራል። እርሱም በእጅ ያለን የጦር መሣሪያ እየጠገኑ የማቆየት፣ የተሰበረውን ክፍል የመተካትና ይህን የሚያውቅ ባለሙያ የማፍራት ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይዳስሳል። ትኩረቱም በዛሬው ደቡብ ጎንደር፣ በተለይም ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ በሚያልፈው ምድር ላይ ነው። መድፍ ማቅለጥ ለምን እንደተጀመረ በሚገባ የሚታወቀው ጠመንጃና ሽጉጥ ለምን ሥራ እንደሚያቆሙ ሲታወቅ ነው የሚል አቋም ይዟል።

ከቋራ እስከ ደረስጌ

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ የቤተ ክህነት ትምህርት በገዳም ተከታተሉ። ቋራ የሱዳን ወሰን እንደመሆኗ፣ በዘመኑ ሱዳንን የያዘው የግብፅ ጦር በአካባቢው ላይ የሚያሳድረው ጫና ለወጣቱ ካሳ የቅርብ ጉዳይ ነበር። ሽፍትነትን የጀመሩትም በዚሁ ቆላማ ወሰን ነው።

በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ድል ነሥተው ማረኩ። የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችንም አገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ግን፣ በ1840 ዓ.ም.፣ በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ባደረጉት ውጊያ ተሸነፉ። ከተመሸገ ቦታ የሚተኩሰውን ሥርዓት የያዘ ጦርና መድፍ የፈረሰኛና የጦረኛ ድፍረት ብቻውን ሊያሸንፈው አልቻለም። ይህ ሽንፈት በካሳ አስተሳሰብ ላይ ለዘለቄታው ታትሞ እንደቀረ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ከዚያ ወዲህ የሠለጠነ ጦርና የእሳት መሣሪያ ጉዳይ ከአእምሯቸው አልወጣም።

ከደባርቂ በኋላ የተገኙት ድሎች በተከታታይ መጡ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ በአይሻል ራስ ዓሊን አሸነፉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ የሰሜንና የትግራዩን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ለባሕር በር ቅርብ ስለነበሩ በጊዜው ከነበሩት መሳፍንት ሁሉ የበለጠ ጠመንጃ አከማችተው ነበር። ስለዚህ የደረስጌ ድል ከዘውዱ ጋር ብዙ የጦር መሣሪያ አስገኘ። ከመሣሪያው ጋር ግን አንድ አዲስ ችግር አብሮ መጣ።

የባሩድ መሣሪያና የጥገናው ችግር

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኢትዮጵያ እጅ የነበረው የእሳት መሣሪያ አንድ ዓይነት አልነበረም። የሚበዛው በሚጤስ ገመድ የሚለኮስ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። ከዚያ የተሻለው በባልጩት የሚለኮሰው ሲሆን፣ አዲሱ ደግሞ ትንሽ የመዳብ ቆብ ተደርጎበት መቺው ሲያርፍበት የሚተኩሰው ጠመንጃና ሽጉጥ ነበር። ሁሉም በአፈሙዝ ወይም በጎራሽ በኩል በባሩድና በእርሳስ ይሞላሉ።

ባሩድ ከባሩድ ጨው፣ ከከሰልና ከድኝ የሚቀመም ነው። በዘመኑ አውሮፓ የተለመደው ልክ ከመቶው 75 እጅ የባሩድ ጨው፣ 15 እጅ ከሰልና 10 እጅ ድኝ ነበር። ይህን በአገር ውስጥ መቀመም ይቻል ነበር፤ ድኙ ከአፋር ቆላ ይመጣል፤ ጨዉ ከአፈር እየታጠበ ይወጣል። ነገር ግን ባሩድ ሲቃጠል ከግማሽ የሚበልጠው ክብደቱ ጥላሸትና ጨው ሆኖ ይቀራል። ይህ ዝቃጭ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብረትንም ይበላል። ጠመንጃው ከተተኮሰ በኋላ በሙቅ ውሃ ካልታጠበና ካልተቀባ፣ በተለይም በደጋው ክረምት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይዝጋል። በመጀመሪያ የሚጎዳውም የመዳቡ ቆብ የሚቀመጥባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ጡት ናት። እርስዋ ከተደፈነች ወይም ከተበላች መሣሪያው ሙሉ ሆኖ ሳለ አይተኩስም።

ሁለተኛው ደካማ ክፍል ሞላው ነው። መቺውን የሚያስፈነጥረው ዝርግ ሞላ ተግሎ በልኩ ካልቀዘቀዘ ወይ ይሰበራል ወይ ይለግማል። እንዲህ ዓይነቱን ሞላ መሥራት ማረሻና ማጭድ ከመቀጥቀጥ የተለየ ዕውቀት ይጠይቃል። ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ሲሆን ችግሩ ይባስ ይወሳሰባል። ጎራሹን የሚያዞረው ጣትና ቆልፎ የሚይዘው ጥርስ በፀጉር ልክ ከተሳሳቱ ጎራሹ ከአፈሙዙ ጋር አይገጥምም፤ እሳቱም ወደ ጎን ይወጣል።

ሦስተኛው ችግር ምትክ ክፍል ፈልጎ ከማግኘት በኋላ የሚመጣው ነው። በእጅ የተሠራ ጠመንጃ ክፍሉ ለራሱ ብቻ የተሞረደ በመሆኑ ከአንዱ የተወሰደ መቺ በሌላው ላይ አይገጥምም። ባለሙያው አዲሱን ክፍል በመብራት ጥላሸት ቀብቶ ይገጥመዋል፤ የተነካበትን ቦታ አይቶ ጥቂት ይሞርዳል፤ እንደገናም ይሞክራል። የሚንሸራተቱት ፊቶች እንዳይበሉም በአጥንትና በቆዳ ከሰል ውስጥ አግሎ ያጠነክራቸዋል። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በ1836 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበትን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በመኪና በብዛት ማምረት ሲጀምር ያሰበው ክፍሎቹ እርስ በርስ እንዲተካኩ ለማድረግ ነበር። በ1853 እ.ኤ.አ. በለንደን ፋብሪካ የከፈተውም ይህንኑ አሠራር ይዞ ነው። ይሁንና በዚያ ፋብሪካ ውስጥ እንኳ የመጨረሻው መገጣጠም ከሞረድ አልተላቀቀም። ዛሬ በሰሜን ጣሊያን የሚመረቱት የእነዚያ ሽጉጦች ቅጂዎችም ምትክ ክፍላቸው በልክ ተሞርዶ የሚገባበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በለንደን ቀላል ያልነበረ ሥራ በደብረ ታቦር ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከዚህ የሚመነጨው ድምዳሜ ለዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ዋና ቁልፍ ነው። መሣሪያው በዘመነ ቁጥር ባለቤቱ በውጭ አገር ላይ የሚኖረው ጥገኝነት ይጨምራል። የሚጤሰውን ገመድ ማንም ገበሬ ይፈትለዋል። ባልጩትም ከወንዝ ዳር ይገኛል። የመዳቡ ቆብ ውስጥ ያለው የሚፈነዳ ቅመም ግን ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ ሲሆን፣ የባሕሩን በር ምጽዋን የያዙት ቱርኮች ነበሩ።

ጋፋት

አገሩ ብረት የሚያውቅ ሰው አልነበረውም ማለት አይደለም። ማረሻውን፣ ጦሩንና ጎራዴውን የሚሠሩ ቀጥቃጮች፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ ቤተ እስራኤላውያን፣ በበጌምድርና በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ ነበር። ነገር ግን ኅብረተሰቡ የእጅ ባለሙያውን ቡዳ እያለ ያርቀው ስለነበር ዕውቀቱ ከቤተሰብ አልወጣም፤ ከፍ ያለ ሥራም አልተሰጠውም። በወናፍ፣ በጉጠትና በመዶሻ የሚሠራው ባለሙያ አዲስ ቴክኒክ የሚማርበት በር ዝግ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን በር ለመክፈት የሞከሩት ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ነው። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊዘርላንድ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና የሚስዮን ማኅበር የእጅ ሙያ ያላቸው ወጣት ሰባክያን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከእነርሱ መካከል ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንትስለን፣ ቆየት ብለውም ዋልድማየርና ሳልሙለር ይገኙበታል። ከሚስዮናውያኑ ውጭ የሆኑት ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሃል ከእነርሱ ጋር ተቀላቀሉ። ሚስዮናውያኑ የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነበር። ንጉሡ ግን ከቃላቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ።

መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ መሣሪያ መጠገን፣ መንገድ መሥራትና ሠረገላ ማበጀት ነበር። ቆይቶ መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። ሙያቸው እንዳልሆነ ቢያስረዱም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ እቶኑ ራሱ እሳቱን መቋቋም ስላቃተው ከሸፈ። እሳት የሚችል ሸክላ የሚሆን አፈር ማግኘት፣ የወናፉን ነፋስ ማጠንከር፣ ቅርጹን ማድረቅ ሁሉም በመውደቅና በመነሣት የተገኘ ትምህርት ነበር። ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ አንዲት ትንሽ መድፍ ከቅርጿ በደኅና ወጣች። ንጉሡ በዚህ እጅግ ተደሰቱ፤ የሚቀጥለው ትእዛዝም ከፊተኛው የሚበልጥ ሆነ።

ጥገና ከማቅለጥ ይልቅ ትርፍ እንደሚሰጥ ቀላል ስሌት ያሳያል። አንድ ጠመንጃ ሠሪ በየቀኑ አንድ ሞላ ቢተካ በዓመት መቶዎችን ያስታጥቃል። ታዲያ ቴዎድሮስ ለምን ወደ መድፍ አዘነበሉ? አንደኛው ምክንያት ደባርቂ ነው፤ የሸነፏቸው በመድፍ ነበርና። ሁለተኛው የሥራው ጠባይ ነው። መድፍ ከነሐስ የሚቀልጥ አንድ ወጥ አካል ሲሆን ሞላም፣ መቺም፣ የመዳብ ቆብም አይፈልግም። በቀዳዳው ላይ ክብሪት ቢያርፍበት ይተኩሳል። ስለዚህ ምትክ ክፍል ከውጭ ለማይመጣለት ንጉሥ መድፍ ከሽጉጥ ይልቅ ለአገር እጅ የቀረበ መሣሪያ ነበር። ሴባስቶፖል የትዕቢት ውጤት ብቻ ሳትሆን የእጥረትም ውጤት ናት ማለት ይቻላል። ከጥቁር ባሕሩ ምሽግ ስሟን የወሰደችው ይህች መድፍ ክብደቷ 7 ቶን ያህል ይገመታል።

ደብዳቤው፣ እስረኞቹና ምጽዋ የቀረው ዕቃ

ንጉሡ የጋፋት ሥራ ብቻውን እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። ወዳጆቻቸው የነበሩት እንግሊዛውያን፣ ቆንስል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም.፣ ጆን ቤል ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በሽፍቶች እጅ ተገድለው ነበር። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲሱ ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላኩ ሽጉጦችን ይዞ መጣ። ሽጉጦቹ ንጉሡ ለፕላውደን ላሳዩት ቸርነት ምስጋና የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀርጾባቸው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም። ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር አሰሩ።

በጥር 1858 ዓ.ም. ሆርሙዝድ ራሳም የዘገየውን መልስ ይዞ ሲደርስ ንጉሡ እስረኞቹን ሊለቁ ተቃረቡ። ሐሳባቸውን ግን ለወጡ፤ ራሳምንም ጭምር ያዙ። በሚያዝያ ወር ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ የጠየቁት ወርቅም ጦርም ሳይሆን መድፍና ጠመንጃ መሥራት የሚያውቁ ባለሙያዎችን ከነመሣሪያቸው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችን ቀጥሮ ከመሥሪያ ዕቃቸው ጋር እስከ ምጽዋ ላከ። ይሁንና እስረኞቹ ሳይለቀቁ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ አዘዘ። ንጉሡ ባለሙያዎቹ ሳይመጡ እስረኞቹን አለቅም አሉ። ባለሙያዎቹ ከነዕቃቸው ወደ መጡበት ተመለሱ። የዐፄ ቴዎድሮስ የሃያ ዓመት ጥያቄ ከደጋው የጥቂት ሳምንት መንገድ ያህል ቀርቶት ሳይመለስ ቀረ። እስረኛን በማስያዣነት መያዝ የሰውን እጅ ዕውቀት እንደማያስገኝ ያሳየው ትልቁ ማስረጃ ይኸው ነው።

በጋይንት በኩል

በዚህ መካከል የአገር ውስጡ መሠረት ተናግቶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተነሣው የመሬት ክርክርና ማያቋርጠው ዘመቻ ሕዝቡን አስመረረ። ጎንደር በኅዳር 1859 ዓ.ም. ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። በጌምድርም፣ የንጉሡ መናኸሪያ የነበረው ምድር፣ ሸፈተ። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው፣ የጋፋትን ባለሙያዎች ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ።

መንገዱ በጉና ተራራ ግርጌ አድርጎ በጋይንት ደጋ ያልፋል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ፋርጣን፣ እስቴንና ጋይንትን የሚያዋስን የውሃ ማማ ነው። ከእርሱ በስተደቡብ እስቴና ስማዳ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ገደሎች ይወርዳሉ። ለመድፍ ሠረገላ ይህ ገደላ ገደል አይሆንም፤ የሚቻለው ነፋስ መውጫ በሚገኝበት የደጋ ጀርባ ተይዞ በጨጨሆ በር ወደ ዋድላ መሻገር ነበር። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ወደ ወልድያ የሚሄደው የዛሬው አውራ ጎዳናም በተቀራራቢ አቅጣጫ ይህንኑ ጀርባ ተከትሏል።

በዚያ ጉዞ ጥገና የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። ከእንጨት የተሠራ ሠረገላ ያን ያህል ነሐስ ተሸክሞ ድንጋይ ላይ ሲወርድ መንኮራኩሩ ይሰነጠቃል፤ ወጋግራው ይሰበራል። የጠፍር ገመዱ ይበጠሳል። ምትክ እንጨት በየደረሱበት ተቆርጦ፣ ብረቱ በየሰፈሩ ተቀጥቅጦ መግጠም ነበረበት። ገደሉ ይፈነቀላል፤ ድንጋዩ ይደለደላል። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሮቻቸው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዓይን ምስክሮች መዝግበዋል። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጎትቷት ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ስድስት ወር ያህል ፈጀች።

ይህ ጉዞ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበሬ ዓይን ሲታይ ሌላ መልክ አለው። ሠራዊቱ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነው። በተቃጠለና በሸፈተ አገር ውስጥ የሚያልፍ ጦር ደግሞ በፈቃድ የሚሰጠው አያገኝም። በአንድ በኩል ንጉሡ ሠረገላ የሚሄድበት ጎዳና በደጋው ላይ ከፈቱ፤ በሌላ በኩል በዚያው ጎዳና ዳር ያለውን ሕዝብ ፍቅር አጡ። ወታደሩም በየሌሊቱ ይከዳ ነበር። አንድ ጊዜ በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ጦር መቅደላ ሲደርስ ወደ ጥቂት ሺዎች ወርዶ ነበር። የመንግሥቱ የተሰበረ ክፍል በየትኛውም እቶን የሚቀልጥ አልነበረም።

አሮጌና መቅደላ

በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ፣ ወደ 13,000 የሚጠጉ ወታደሮችና 44 ዝሆኖች ይዞ መጣ። ቴዎድሮስ በታላቅ ድካም በጅዳ ገደል ላይ የቆረጡት መንገድ ለዚህ ጦርም መሻገሪያ ሆነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአሮጌ ሜዳ ውጊያው ተደረገ። ከኮረብታው ላይ ከተተኮሱት ትልልቅ መድፎች አንዱ ከመጠን በላይ ተጎርሶ ስለነበር በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ከላይ ወደ ታች የተተኮሱት ሌሎችም ዒላማቸውን ሳቱ።

በሜዳው ላይ የተገናኙት ሁለት የቴክኒክ ዘመናት ናቸው። የእንግሊዙ እግረኛ የያዘው ስናይደር ጠመንጃ ከኋላ የሚጎርስ፣ ባሩዱ፣ ጥይቱና መለኮሻው በአንድ ቀለህ የተጠቃለለ ነበር። የኢትዮጵያው ወታደር አንድ ጊዜ ተኩሶ በአፈሙዙ ባሩድ ሲጎስር ስናይደሩ ብዙ ጊዜ ይተኩሳል። ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ወደቁ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። ስናይደር ራሱ የቆየውን በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ከኋላው ቆርጦ አዲስ ክፍል በመግጠም የተሠራ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ድል ያደረገው መሣሪያ የምትክ ክፍል ሥራ ውጤት ነበር። ልዩነቱ ያን ሥራ በሺዎች ላይ በአንድ ልክ የሚያከናውን ፋብሪካ መኖሩ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ የመቅደላ በር ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ ከተላኩላቸው አንዱ እንደሆነ ይነገራል።

መደምደሚያ

የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ከጦር መሣሪያ ጥገና አንጻር ሲታይ ሦስት ነጥቦች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ ንጉሡ ከመሣሪያው ይልቅ መሣሪያውን የሚሠራው እጅ እንደሚበልጥ በጊዜያቸው ከነበሩት ሁሉ ቀድመው ተረድተዋል። ሁለተኛ፣ ያን እጅ የፈለጉት ከባሕር ማዶ ሲሆን በአገር ውስጥ የነበረው ቀጥቃጭ በጋፋት ረዳት ከመሆን አላለፈም። ሦስተኛ፣ መሣሪያውን ለማቆየት የሚያስፈልገው ሰላም፣ ምርትና ፈቃድ ከገበሬው የሚገኝ በመሆኑ፣ ገበሬው ሲርቅ መድፉ ሸክም ሆነ።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አፋፍ ላይ ትገኛለች። ቅጂዋ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በጋፋትና በጋይንት ደጋ ላይ ግን የእቶኑ ስፍራና የሠረገላው መንገድ ገና በሚገባ ያልተጠና ቅርስ ነው። የብረት ዝቃጩ፣ የሸክላ ስብርባሪውና የተደለደለው ድንጋይ ከመሬት ቁፋሮ ጥናትና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ትውፊት ጋር ተቀናጅቶ ቢመረመር፣ የጋፋት ሥራ በምን ያህል የአገር ባለሙያዎች ትከሻ ላይ እንደቆመ ለማወቅ ይረዳል። የቴዎድሮስ ታሪክ ከንጉሡ አልፎ ወናፍ ወደ ነፉት፣ ወደ ሞረዱትና ወደ ጎተቱት ሰዎች የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።